ዓሣ ያረድሁበት ግንቦት

ባለፈው ሰሞን አንድ ጠዋት፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን ነዳጅ ማደያው አጠገብ ፀሐይ እየሞቅሁ ቆሜ ሳለ አንዲት መኪና መጥታ ቆመች። ጣሪያዋ ላይ ቢጫ፣ ረጅም፣ ጫፍና ጫፉ የሾለ ነገር ታስሯል። እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ የማላውቀው ነገር ሲገጥመኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፤ ይህ ጠባዬ ስንት ቦታ እንዳዋረደኝ እኔና ፈጣሪዬ እናውቃለን። ጋቢዬን ሰብስቤ ተጠጋሁና በከዘራዬ ጫፍ ነካ አደረግሁት። ፕላስቲክ ነው። "ምንድን ነው ይሄ ልጆች? የሕፃን መታጠቢያ ነው?" አልኋቸው። መነጽሯን ግንባሯ ላይ የሰቀለች ልጅ ሳቀችና "ካያክ ይባላል አባባ። ጀልባ ነው። ቆላው ውስጥ አንድ ሐይቅ አለ ብለውን ዓሣ ልናጠምድበት ነው" አለችኝ። ጓደኛዋ ስልኩን እያየ፣ "ውሃው ጥልቀት የለውም ይላሉ። በዚህ ሙቀት ዓሣው መንጠቆ ይበላ ይሆን እንዴ?" ሲል አፌ ቀደመኝ። "ግንቦትማ ዋናው ነው! ውሃው ሲሞቅ ዓሣው ይርበዋል!" አልሁ፣ እንደ ትልቅ ሊቅ። ልጆቹ አመስግነውኝ፣ ፎቶ አብረውኝ ተነሥተው፣ ቁልቁል ወደ አንኮበር መንገድ ታጠፉ። እኔ ግን እዚያው እንደቆምሁ ፊቴ ጋለ። ያንን ቃል ከማን እንደሰማሁትና ለምን እንደተነገረኝ ትዝ ብሎኝ ነው። ሽበቴን ያየ ሰው የማላፍር ይመስለው ይሆናል፤ ሽበት ግን ሐፍረትን አይሸፍንም፤ እኔ ሞክሬዋለሁ።

ያኔ በያጅ ነበርሁ። ከበሬሳ ድልድይ ወዲህ በነበረች አንዲት የቆርቆሮ ቤት ውስጥ በር፣ አልጋ፣ የጋሪ ብረት እበይዳለሁ። አባቴ የደብር ቄስ ናቸው። እኔ ድቁናውን ትቼ ቀኑን ሙሉ እሳት ፊት ስቀመጥ ሲያዩ "ተዉት፣ ከወዲሁ እየለመደው ነው" ይሉ ነበር። እግሩ የሰፋ ቤል ቦተም ሱሪ ነበረችኝ፤ ከጉልበቷ በታች አንድ ሌላ ሰው ታስገባለች፣ ከብየዳው ፍንጣሪ የተነሣ ግን ወንፊት ሆና ቀርታለች። ጎፈሬዬን የማበጥርበት ሚዶ ከኋላ ኪሴ አይጠፋም፤ ዛሬ አናቴ ላይ ለሚዶ የሚሆን ሥራ የለም። ጥግ ላይ ያለችው ሻይ ቤት ሬዲዮኗን እስከ መጨረሻው ከፍታ፣ አንዲት ዘፋኝ እመጣለሁ እመጣለሁ እያለች ስታስጠብቀን ትውላለች። ሻይ በዐሥራ አምስት ሳንቲም፣ ለዚያውም ብርጭቆው እስከ አፉ ሞልቶ። አሁን በዚያው ጥግ የስልክ ቀፎ የሚሸጥበት ባለ መስታወት ቤት ቆሟል፤ ሻይ ስንት እንደገባ ለመናገር አልደፍርም፣ የሚሸጡት ሰዎች ያፍሩበት። አገሩ በስብሰባና በሰልፍ የተጠመደበት ዘመን ነበር፤ ማን ምን እንዳለ አልጠይቃችሁም፣ እናንተም አትጠይቁኝ። እኔ ከዚያ ዘመን የቀረኝ የጋለ ብረት ሽታና የአንድ ሰው ፊት ነው።

ያ ሰው ሰይድ ነው። ሰይድ የአሊዩ አምባ ነጋዴ ልጅ ነው፤ በርበሬና ጥጥ በበቅሎ ጭኖ ዳገቱን ይወጣል፣ ብርድ ልብስና ገብስ ጭኖ ይወርዳል። መጀመሪያ የመጣው የሚዛኑ ክንድ ተሰብሮበት ነው። በየድሁለትና "ትንሽ ወደ አንተ እንዲያጋድል አድርጌልሃለሁ፣ ለወዳጅነት" አልሁት። ሚዛኑን አንጠልጥሎ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየውና፣ "አንተ ሰውዬ፣ አላህን አትፈራም?" አለኝ። "አባቴን ነው የምፈራው" አልሁት። "በል እንግዲያው ስለ አባትህ ብለህ አስተካክለው" አለና ሳቀ። ከዚያ ቀን በኋላ ደብረ ብርሃን በመጣ ቁጥር እኛ ቤት ሳይቀመጥ አይሄድም። እናቴ ከእኔ ይልቅ እሱን ትወደው ነበር፤ ምክንያት ነበራት።

የሐይቁን ነገር ያመጣብኝ እሱ ነው። "ከእኛ በታች፣ ቆላው ውስጥ፣ ባሕር አለ" አለኝ አንድ ቀን። ባሕር ሲል እኔ ማዶው የማይታይ ነገር መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳየው አንድ ረጅም ሰው ከዳር እስከ ዳር በእግሩ ሊያቋርጠው የሚችል፣ ከበዛ ደረት የሚደርስ፣ ዙሪያውን ደንገል የከበበው የሞቀ ውሃ ነው። ግን ዓሣ አለው፣ ጭቃው ደግሞ ሰው ያስቀራል፣ ስለዚህ ያለ ጀልባ አይገባበትም። እኔም ሁለት ባዶ የዘይት በርሜል አገኘሁና ቁመታቸውን ሰንጥቄ፣ ጫፍ ለጫፍ በይጄ፣ አፍንጫውን አሹዬ፣ ስንጥቁን በሬንጅ መርጌ አንድ ጠባብ ጀልባ ሠራሁ። መቅዘፊያው ግራና ቀኙ ላይ የቆርቆሮ መዳፍ የተመታበት የባሕር ዛፍ ዘንግ ነው። ሁለት ሰው ከፊትና ከኋላ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥበታል፤ አንዱ ካስነጠሰ ሁለቱም ይገለበጣሉ። እነዚያ ልጆች ካያክ ያሉት ነገር እኮ እሱው ነው! በስልካቸው ፎቶ ስነሣ ይህን ብነግራቸው ኖሮ ምን ይሉ ነበር? ምናልባት "አባባ ፀሐዩ መቷቸዋል" ይሉ ይሆናል።

ታዲያ ያን ጀልባ በጭነት መኪና አንኮበር ድረስ አድርሰን፣ ከዚያ ወዲያ መንገዱ ቁልቁል ስለሆነ አራት ሰው ትከሻ ላይ አወጣነው። ዝናብ አይንካው ብዬ ነጭ ሸራ አልብሼዋለሁ። ልብ በሉ፦ ረጅም፣ ጠባብ፣ ነጭ የለበሰ፣ አራት ሰው የተሸከመው ነገር። ከመጀመሪያው መንደር አልፈን ሳንጨርስ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወጡ። አንዲት እናት "ወይኔ! የማን ልጅ ነው?" ብለው ደረታቸውን መምታት ጀመሩ። ሰይድ ላቡን እየጠረገ "የማንም አይደለም እማማ፣ በርሜል ነው" ቢላቸው ጭራሽ ባሰባቸው፤ በርሜል ውስጥ የከተቱት ሬሳ መስሏቸው ነው። ሸራውን ገልጠን እስክናሳይ ድረስ መንደሩ በለቅሶ ተናወጠ። እኔ ከኋላ ሆኜ ሳቄን መቆጣጠር አቅቶኝ ስንፈራገጥ፣ ሐዘንተኛ መስያቸው አንድ ሽማግሌ ደገፉኝ። ይቅር ይበለኝ።

ከዚያ ወዲያ ሦስት ግንቦት በዚያ ውሃ ላይ አሳለፍሁ። ግንቦት የመረጠው ሰይድ ነው። "ፋሲካ ካለፈ በኋላ አንተ ና፤ ውሃው ሲሞቅ ዓሣው ይርበዋል" ይለኛል፤ እኔም ሱቄን ዘግቼ እወርዳለሁ። ደብረ ብርሃን ተቀምጦ በርኖሱን አውልቆ የማያውቅ ሰው ያን ሙቀት አያውቀውም። ብረቱ በፀሐይ ሲግል መቀመጫ ያቃጥላል፤ የረጠበ ጆንያ አንጥፈን፣ በየጥቂቱ ውሃ እየረጨን እንቀመጣለን። ንጋት ላይ ውሃው ጭጋግ ለብሶ ዝም ሲል፣ መቅዘፊያውን ሳናንኳኳ ወደ ደንገሉ ጥላ እንጠጋለን። እኔ የሻይ ማንኪያ እጀታውን ቆርጬ፣ ሞርጄ፣ መንጠቆ በይጄበታለሁ፤ በናይሎን ክር ወደ ደንገሉ ሥር ወርውሬ ስጎትተው ውሃ ውስጥ ብልጭ ብልጭ ይላል፣ አምባዛ እሱን ትንሽ ዓሣ መስሎት ይከተለዋል። ቆሮሶ ለተባለው ቅርፊታም ዓሣ ደግሞ ትል ነው። አምባዛ ቅርፊት ስለሌለው አባቴ ቤት አይገባም፣ እሱ የሰይድ ነው፤ ቆሮሶው የጋራችን። ቀኑ ጠና ሲል ጀልባዋ ጭቃ ላይ ትቀመጥና ሁለታችንም ወርደን እስከ ጭናችን እየሰመጥን እንገፋታለን። እውነቱን ለመናገር የምንይዘው ትንሽ ነው። አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ ቀትር ሦስት ዓሣ። "ዛሬ አልራባቸውም" ይላል ሰይድ። "ነገ ይርባቸዋል" እላለሁ እኔ፣ ሞኙ። ከውሃው ስንወጣ እኔ እንጨት ለመልቀም እሄዳለሁ፣ ስመለስ ሰይድ ዓሣውን አጽድቶ፣ ጨውና በርበሬ ነስንሶ፣ ፍም ላይ ጥሎታል። ከአንድ ቅጠል ላይ እንበላለን። የጋራ ሥጋ የሌላቸው ሁለት ሰዎች ከአንድ ቅጠል የሚበሉት ዓሣ ብቻ እንደሆነ ያኔ አላሰብሁትም ነበር። ጣፋጭ ነው፣ በቃ።

ጀልባዋን የምናሳድረው በውሃው ዳር መሬት ባላቸው በሼህ ኑሩ በረት ውስጥ ነው። ሼህ ኑሩ ቀጭን፣ ጢማቸውን በሒና የቀቡ፣ ሲስቁ ድምፅ የማያወጡ ሰው ናቸው። ሰይድ ደግሞ ልጃቸውን ዘሐራን ወደዳት። ዘሐራ ሳቅዋን የማትደብቅ ልጅ ናት፤ ጀልባችን በተገለበጠ ቁጥር ከደንገሉ ማዶ የሚሰማው የእሷ ሳቅ ነው። ሰይድ አጎቱን ሽማግሌ አድርጎ ላከ፤ ሼሁ እሺም እምቢም ሳይሉ ቀሩ። ድጋሚ ላከ፤ አሁንም ዝም። ኋላ ምክንያታቸው ተሰማ። "ልጁ ጨዋ ነው። ግን ደብረ ብርሃን ሲወጣ ከቄስ ቤት አይጠፋም አሉ። እዚያ የማንን ዕርድ እንደሚበላ አላህ ነው የሚያውቀው" ብለዋል። በእኛ አገር የክርስቲያኑን ዕርድ እስላሙ አይበላም፣ የእስላሙን ክርስቲያኑ አይበላም፤ አብሮ መኖሩ ሌላ፣ ሥጋው ሌላ ነው። ሴት ልጁን የሚሰጥ አባት ይህን ቢጠይቅ አይፈረድበትም። በመጨረሻ "ሦስተኛ ስትመጡ ያንን የብረት ሣጥን የሚቀዝፈውን ክርስቲያንም ይዛችሁት ኑ፣ ልየው። ምሳም ዓሣ ይሁን፣ ሁላችን እንድንበላ" አሉ። የዘሐራ ነገር በዚያ ምሳ ላይ ተንጠለጠለ ማለት ነው።

በቀጠሮው ጠዋት ሰይድ ገና ጀልባዋን ሳንገፋ ክንዴን ያዘኝ። "ተክሌ፣ አደራህን።"

"ምን አድርግ ነው የምትለኝ?"

"ምንም አታድርግ። ዓሣ አጥምድ፣ ሰላም በል፣ ሲጠይቁህ እውነቱን መልስ። ቀልድህን ለዛሬ ብቻ ተውልኝ፣ ወላሂ ካበላሸህብኝ አላናግርህም።"

"እኔ መቼ ነው ያበላሸሁት?" አልሁት። ወደ ሰማይ ብቻ አየ።

እንደ ዕድል ያን ቀን ዓሣው ራበው። ሰይድ ነጭ ስለለበሰ ጀልባው ላይ እኔ ብቻዬን ወጣሁ። ከደንገሉ ሥር ቆሮሶውን በላይ በላዩ አወጣሁ፤ ሲመሽ ምን ብዬ እንደማወራው እያሰብሁ ነበር የምጎትተው። ሊያበቃ ሲል ደግሞ አንድ ክንድ የሚያህል አምባዛ ማንኪያዬን ነክሶ ጀልባዋን እንደ ሕፃን እያንገላታ ዞረ። ሁሉንም በጉንጫቸው ክር አሳልፌ፣ እንዳይሞቱ ከጀልባዋ ኋላ ውሃ ውስጥ እየጎተትሁ ዳር ደረስሁ። ሽማግሌዎቹ ከዛፍ ሥር ተነሥተው "መሻአላህ!" አሉ። ሼህ ኑሩ ራሳቸው አምባዛውን አዩና ጢማቸውን ዳሰሱ። ሰይድ ከኋላቸው ሆኖ ዓይኑ ሲያበራ አየሁት። ያቺን ደቂቃ ብቻ ቢተዉልኝ ኖሮ እስከ ዛሬ ቀጥ ብዬ እሄድ ነበር።

ከዚያ ቀትር ሆነ። ሽማግሌዎቹም ሰይድም ታጥበው ከዛፉ ሥር ለሶላት ተሰለፉ። ሴቶቹ ጎጆው ኋላ ዘይት ያግላሉ። እኔና ዓሣዎቹ ብቻችንን ቀረን። ዓሣዎቹ ሣሩ ላይ ይዘላሉ፣ አምባዛው ጢሙን ያወዛውዛል። እኔም አሰብሁ። ያሰብሁት ይህን ነው፦ እነዚህ ነፍስ ያላቸው ናቸው፣ ደም አላቸው፤ ሳይባረክ የሞተ ነገር ጥንብ ነው፤ እንግዳ ሆኜ መጥቼ እጄን አጣጥፌ ከምቀመጥ ለምን አልረዳቸውም? ሦስት ዓመት ሰይድ ዓሣ ሲያጸዳ እኔ እንጨት ስለቅም ስለነበር፣ ዓሣ ታርዶ እንደማያውቅ አላየሁም። ቢላዋዬን አወጣሁ። የቄስ ልጅ አይደለሁ? አንዱን ቆሮሶ አንስቼ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አዞርሁ። አንገቱን ፈለግሁ፤ አጣሁት። ለካ ዓሣ አንገት የለውም፣ ከራሱ ቀጥሎ ሆዱ ነው። በግምት አንድ ቦታ መረጥሁና፣ አባቴ በግ ሲባርኩ እንደሚያደርጉት፣ ደረቴን ነፍቼ "በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ!" ብዬ አረድሁት።

የቀትር ሶላት ድምፅ የለውም፤ ሰው ሁሉ በሆዱ ነው የሚለው። ይህንንም ያኔ አላውቅም ነበር። ያ ሁሉ ዝምታ ውስጥ የእኔ ድምፅ ውሃው ላይ ሄዶ ተመለሰ። ሰጋጆቹ ሶላት ስለሆኑ ዞረው ሊያዩኝ አይችሉም፣ ተው ሊሉኝም አይችሉም። እኔ ዝምታቸውን ደስታ አድርጌው ሁለተኛውን አነሣሁ። "በስመ አብ!" ሦስተኛውን። "በስመ አብ!" እነሱ ሲጎነበሱ እኔ አንድ፣ ሲነሡ እኔ ሌላ። የሰይድ ጀርባ ሲንቀጠቀጥ አይቼ "ምስኪን፣ ለዘሐራ እያለቀሰ ይጸልያል" አልሁ። በመጨረሻ አምባዛውን፣ ያንን እኔ ራሴ እንኳ የማልበላውን ቅርፊት የለሽ ፍጥረት፣ በጉልበቴ ይዤ በሥላሴ ስም ባረክሁት። ያኔ ከጎጆው ኋላ የዘሐራ ድምፅ ተሰማ፦

"እማ! ኧረ እማ ነይ እዪ! ሰውዬው ዓሣውን እያጠመቀው ነው!"

እናቷ ወጥተው አዩ፤ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሰጋጆቹ ሰላም ብለው ሲጨርሱ ሁሉም በአንዴ ዞሩ። እኔ ቢላዋዬን እየጠረግሁ፣ ላቤ እየተንጠባጠበ፣ "ጨረስሁላችሁ!" አልሁ ፈገግ ብዬ። ማንም አልሳቀም። የሰይድ አጎት "ሱብሐነላህ" ብለው ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ። ሰይድ ከንፈሩ ነጭ ሆኗል። "ምን አድርገሃል?" አለኝ፣ በሚሰማና በማይሰማ ድምፅ።

ሼህ ኑሩ ቀስ ብለው መጥተው በዓሣዎቹ አጠገብ ቁጢጥ አሉ። "ልጄ" አሉኝ፣ "ዓሣ እኮ አይታረድም። ከውሃ ሲወጣ በቃው። ለዚህ ነው ያንተም የእኔም የሆነው። አሁን ግን ያንተ ብቻ አደረግኸው። እነዚህ ሰዎች ስመ አብ የተጠራበትን አይበሉም።"

መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ምን ነበረበት? ሰው ያስቀራል ያልሁት ያ ጭቃ እኔን ለማስቀረት እምቢ አለ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ሼሁ እጃቸውን አነሡ። "ቁጭ በል። አሁን ልጠይቅህ። ሰይድ አንተ ቤት ሲመጣ ምን ትሰጡታላችሁ?"

"ያለውን" አልሁ።

"ያለው ምንድን ነው?"

"ሽሮ... ጎመን ይመስለኛል። ምስር።"

"ይመስለኛል?"

"ማለቴ..." ሰይድን አየሁት፤ መሬት መሬት ያያል። ሦስት ዓመት አንድ ገበታ ላይ አብሬው ተቀምጫለሁ። የሚዛኑን ጉድለት አውቃለሁ፣ የበቅሎውን ስም አውቃለሁ፣ ዘሐራን ሲያይ ጆሮው እንደሚቀላ አውቃለሁ። ምን እንደሚጎርስ ግን አላውቅም። ሳወራ ነበር፤ እኔ ገበታ ላይ ስቀመጥ ወሬ እንጂ ሰው አይታየኝም።

"ሥጋ ሲበላ አይተሃል?"

"አላስተዋልሁም" አልሁ። እውነቱን መልስ ብሎኛል። የሰይድ አጎት ተነፈሱ፣ እንደ ተበሳ ጎማ። ነገሩ ያለቀ መሰለን።

ሼሁ ግን አልተነሡም። "በምን ቀን ነው የሚመጣው?"

"ረቡዕ።"

"ገበያችሁ ቅዳሜ አይደለም እንዴ? ነጋዴ ለቅዳሜ ገበያ ረቡዕ ምን ያደርጋል?"

"እንጃ። ሁልጊዜ ረቡዕ ነው የሚመጣው።" ረቡዕ ጾማችን ነው። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት።

"ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስስ? ያኔ ረቡዕም ትበላላችሁ አይደል? እኔ ከደብረ ብርሃን ሰው ጋር ስነግድ ነው የሸበትሁት፣ አውቃለሁ።"

"ያኔማ አይመጣም። እኔ ነኝ ወደዚህ የምወርደው፣ በግንቦት። ውሃው ሲሞቅ ዓሣው ይርበዋል ብሎኝ..."

"ምን ብሎህ?" አሉ ሼህ ኑሩ። ከዚያ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ድምፅ የሌለው ሳቃቸው ቆባቸውን እስኪያጋድለው ድረስ ሳቁ። "ልጄ! በግንቦት ዓሣው ሙቀት አናቱ ላይ ወጥቶበት ጭቃ ሥር ነው የሚተኛው! ዝናብ ወርዶ አዲስ ውሃ ሲገባ ነው የሚበላው። ይህን እዚህ ያለ ሕፃን ሁሉ ያውቃል።" ወደ ሰይድ ዞሩ። "ውሸታም! ሦስት ዓመት ሙሉ በዚህ ሐሩር ያንገላታኸው፣ ፍስክ ሲሆን እናቱ ቤት ላለመገኘት ነው?"

ሰይድ ቀና ብሎ አላያቸውም። "እናቱ ሰው ይወዳሉ" አለ። "አልበላም ብላቸው ያዝናሉ።"

ሼሁ ለአጎቱ "ምስክር አላችሁ" አሏቸው። "ይሄ ሰውዬ ምንም እንዳላወቀ አያችሁት። አብረው ሥጋ የበሉ ሰዎች ቢሆኑ የዕርዱ ነገር ተነሥቶ ይሰማ ነበር፣ ዓሣም ባላረደ ነበር። ልጁ ሐላሉንም ጠብቋል፣ ሰውም አላስቀየመም። ዘሐራን ሰጥቻለሁ።" ዱዓ ተደረገ፣ ሁሉም "አሚን" አለ፣ ከጎጆው ኋላ እልልታ ወጣ። ሰይድ በደስታ ፈነደቀ። እኔ ደግሞ ድንቁርናዬ ምስክርነት ሆኖልኝ ቁጭ አልሁ። እንደዚህ ያለ ምስክር ሆኜ ከምቀርብ ብታሰር እመርጥ ነበር። ምሳው ሲቀርብ ለእነሱ የማሽላ ገንፎ በወተት፣ ለእኔ ደግሞ በትልቅ ትሪ የተጠበሰ ዓሣ፣ ከአምባዛው በቀር ሁሉም፣ ብቻዬን። "ብላ እንጂ ልጄ፣ ያንተ ዕርድ ነው" ይላሉ ሼሁ፣ እየደጋገሙ፣ ከልባቸው እያስተናገዱኝ። ያን ያህል ዓሣ በላሁ፤ እያንዳንዱ እሾህ አንድ ረቡዕ ነበር።

ወደ አመሻሹ ጀልባዋን ወደ በረቱ ስንጎትት "ለምን አልነገርኸኝም?" አልሁት።

"ምን ብዬ? 'እናትህ የሚያጎርሱኝን አልፈልግም' ልበልህ? አንተ ደግሞ ለከተማው ሁሉ ታወራዋለህ።" ከዚያ ጀልባዋን ለቆ፣ "እናትህ ግን ያውቃሉ" አለ። "ገና መጀመሪያ የመጣሁ ቀን ነው የገባቸው። 'ልጄ፣ ረቡዕ ረቡዕ ና፣ ሁላችንም አንድ ነገር እንበላለን' ያሉኝ እሳቸው ናቸው።"

ቤት ገብቼ እናቴን ስጠይቃት አላውቅም ብላ አልተከላከለችም። "አንተማ አፍህን እንጂ ዓይንህን መች ትከፍታለህ" አለችና ሥራዋን ቀጠለች። እናቴ ካረፈች ስንት ዘመኗ፤ ያቺ ንግግሯ ግን እኔ ነዳጅ ማደያ ቆሜ ለማላውቃቸው ልጆች ምክር ስሰጥ ከኋላዬ ቆማ ነበር። እነዚያን ልጆች በዚያ ሐሩር ያለ ዓሣ ሲንገላቱ ይታዩኛል፤ የስልክ ቁጥራቸውን እንኳ አልተቀበልሁ፣ አትሂዱ ለማለት።

ሠርጉ በጥቅምት፣ እሑድ ቀን ሆነ፤ እሑድ ያደረገው ሰይድ ነው፣ እኛ ጾም እንዳይዘን። እናቴ በበቅሎ ወረደች፣ እኔና ሦስት የሰፈር ሰዎች በእግራችን። እንደ አገሩ ደንብ ለክርስቲያን እንግዶች ለብቻ ፍየል ቀርቧል፣ የሚባርከውም ክርስቲያን ነው፤ አባቴ እግራቸውን አሟቸው ስለቀሩ ዕጣው በእኔ ላይ ወደቀ። ሼህ ኑሩ ከዳስ ብቅ ብለው "የዓሣው ቄስ የት አለ?" ብለው ጠሩኝ፣ ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ስሙ በቆላው ሁሉ ተዳርሶ ነበር፤ ዛሬም አሊዩ አምባ ብወርድ ልጆች ይጠሩኛል። እኔም ሳቅሁ፣ በራሴ ለመሳቅ መቅደም እወዳለሁ። ቢላዋዬን ይዤ ከዳሱ ኋላ ወደ ፍየሉ ስዞር ግን ሰይድን አየሁት። ሙሽራው፣ አዲስ ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ከእኛ ድስት አጠገብ ጭስ ውስጥ ቆሟል፤ በአንድ እጁ አዲስ ጭልፋ ይዟል፣ በሌላው ዓይኑን ያሻል።

"አንተ! ሙሽራ አይደለህም እንዴ? እዚህ ምን ታደርጋለህ?"

"ሴቶቹ በጥድፊያ የእኛን ድስት ጭልፋ ከእናንተ እንዳይቀላቅሉባችሁ ብዬ ነው" አለኝ። "እናትህ ቢቀላቀልም አይናገሩም፣ ዝም ብለው ሳይበሉ ነው የሚያድሩት።"

ሼሁ ከዳሱ ውስጥ፣ "ኧረ አልሰማንህም! ጮክ በል እንጂ፣ ያን ዕለት እኮ ከሶላት ላይ ሰምተንሃል!" ይላሉ። ፍየሉን ወደ ምሥራቅ አዞርሁ፣ አፌን ከፈትሁ፤ የወጣውን ድምፅ ፍየሉ ራሱ የሰማው አይመስለኝም።